የጠራዧ ወረቀት ሳይበተን፦ የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት መዛግብትን ለሚረከቡ ዝርዝር መመሪያ

የመጠረዣ ቤት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በምስጥ ወይም በጎርፍ አይደለም፤ በጽዳት ነው። ባለሙያዋ ሲደክሙ ወይም ሲያርፉ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ደረሰኙ በአንድ ከረጢት፣ ፎቶው በሌላ ይገባል፣ «ቁርጥራጩ» ለማገዶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ልክ (የመቁረጫ ቅድ) የየትኛው መጽሐፍ እንደነበረ፣ የትኛውን ሥራ እሳቸው፣ የትኛውን ባላቸው እንደሠሩት የሚናገር አይገኝም።

መመሪያው ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ ባሉ መጠረዣ ቤቶች የእናቱን፣ የአክስቱን ወይም ያስተማሩትን ባለሙያ ወረቀት ለሚረከብ ሰው ነው። የአንዲት ክፍል ሱቅ ወረቀት ለሁለት ሰው፣ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ፣ የአንድ ወር ያህል ሥራ አለው። በአንድ ቅዳሜ አይጨረስም፤ ሊጨርስ የሚነሳ ሰው ካለ ቁልፉን አትስጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት

*ወቅቱን ምረጡ።* ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም አላት። ስለዚህ ወረቀት የሚዘረጋበት ደህና ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ደሴ ላይ በደረቁ ወራትም ቢሆን ጠዋት ጉም ይወርዳል፤ መስኮት ከፍታችሁ ሥራ የምትጀምሩት ጉሙ ሲነሳ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሐምሌ ላይ ድንገት መረከብ ግድ ቢሆንባችሁ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 2ን ብቻ ሠርታችሁ ሌላውን ጥቅምት ድረስ አቆዩት።

*ዕቃ አዘጋጁ።*
- ለስላሳ እርሳስ (ኤችቢ ወይም 2ቢ) እና ላጲስ። እስክሪብቶ ከክፍሉ ይውጣ።
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው።
- ነጭ የኤ4 ወረቀት፣ 2 እሽግ። መለያያም መጠቅለያም ይሆናል።
- ክዳን ያላቸው ንጹሕ ካርቶኖች። ዘይት፣ ሳሙና ወይም ቅመም ያልነበረባቸው ይሁኑ።
- ነጭ የጥጥ ክር ወይም የጥጥ ጥብጣብ። ላስቲክ ማሰሪያ አይሆንም፤ ሲያረጅ ይቀልጥና ወረቀት ላይ ይለጠፋል።
- ባለ መስመር ወፍራም ደብተር፣ ለዝርዝር።
- ስልክ፣ ቻርጀር፣ ፍላሽ።
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። የቆዳ ብናኝና ሻጋታ ያለበት ቤት ነው።

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ለወረቀት ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት ወረቀቱን እንዳይሰማው ያደርጋል፣ ጠርዝም ያስቀድዳል። ለፎቶ ግን አድርጉ። ቡና፣ ሻይ፣ ቆሎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

1. በሩ ላይ ቆማችሁ የክፍሉን አራት ማዕዘን አንሱ።
2. ከዚያ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ መሳቢያ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ነገር፣ የጠረጴዛውን ሥርና የሞርሳውን (መጽሐፍ የሚጨመቅበትን ማጥበቂያ) ዙሪያ ለየብቻ አንሱ።
3. መሳቢያ ስትከፍቱ መጀመሪያ ከላይ እንዳለ አንሱት፤ አታገላብጡ።

ነገር የሚያበላሸው ችኮላ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ ከሞርሳው አጠገብ ባለው መሳቢያ ያስቀመጡት ወረቀት በየቀኑ ሲገለጥ የነበረ ነው፤ ከጣሪያ ሥር ያለው ያለቀለት ነው። ቦታው ራሱ መረጃ ነው። ከተነሳ በኋላ «እዚያ ነበር» የሚል ሰው ከማስታወስ በቀር ማስረጃ የለውም።

*ቀድሞ ተነካክቶ ከሆነ፦* ወደ ነበረበት ለመመለስ አትሞክሩ። አሁን ያለበትን አንሱ፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንዳነሳው ጠይቃችሁ በዝርዝር ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ለክምር ቁጥር ስጡ፣ በዓይነት አትለዩ

እያንዳንዱ መሳቢያ፣ ሣጥን፣ ከረጢት ወይም ጥቅል አንድ «ክምር» ነው። ቁጥር ስጡት፦ ክ1፣ ክ2፣ ክ3። ቁጥሩን በቁራጭ ነጭ ወረቀት ጽፋችሁ ክምሩ ላይ አኑሩት፤ ክምሩ ወደ ካርቶን ሲገባ ወረቀቱም አብሮ ይግባ። አንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ክምር ካለ መካከላቸው ኤ4 ወረቀት አስገቡ።

በክምሩ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል አይነካ። ደረሰኝ ከፎቶ፣ ፎቶ ከቆዳ ቁራጭ ጋር ተቀላቅሎ ብታገኙት እንዲሁ ተዉት። የቆዳ ቁራጩ ከደረሰኙ ጋር የተቀመጠው «ይህ ቆዳ ለዚህ ሰው» ለማለት ሊሆን ይችላል።

መጠረዣ ቤት ውስጥ ቆሻሻ መስለው የሚጣሉት እነዚህ ናቸው፤ አንዱንም አትጣሉ፦

- ልክ። ከካርቶን የተቆረጠ የጀርባ፣ የገበታ (የጠንካራው ሽፋን ሰሌዳ) ወይም የማኅደር ቅድ። ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ስም፣ ቁጥር ወይም «2 ጣት» ዓይነት መለኪያ አለበት።
- የተረፈ ቆዳና ጨርቅ። ባሕረ ዓረብ (የተለፋ ባለ ቀለም ቆዳ)፣ የበግ ቆዳ፣ የሽፋን ጨርቅ። ጠርዙ ላይ የተሞከረ የመደጎሻ ብረት (ቆዳ ላይ ጌጥ የሚታተምበት) አሻራ ካለ የጌጡ ናሙና እሱ ነው።
- ከመጽሐፍ የወጣ አሮጌ ሽፋንና የውስጥ ልባስ። ጠራዥ ገበታውን የሚያለብሰው ባገኘው ወረቀት ነው፦ ጋዜጣ፣ የተበላሸ ቅጽ፣ የፈተና ወረቀት።
- የእቁብና የቅሬ (የወሎ ዕድር) ደብተር። የሥራ ወረቀት አይመስልም። ነገር ግን ለቆዳ መግዣው ገንዘብ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሌላ ወረቀት ላይኖር ይችላል።
- ባዶ የሚመስል ደብተር። ከኋላ ገልብጣችሁ እዩ። ብዙ ሰው ትእዛዝ ከፊት፣ ዱቤ ከኋላ ይጽፋል።

ደረጃ 3፦ የታመመውን ለዩ

የጠራዥ ወረቀት ከማንም ቤት ወረቀት ይልቅ ተባይ ይጠራል፤ የስንዴ ዱቄት ማጣበቂያ የነካው ነውና። አይጥም፣ ብልም፣ በረሮም ይወዱታል።

*ብል።* ቀዳዳው ሥር አዲስ ዱቄት መሰል ብናኝ ካለ ነፍሳቱ በሕይወት ናቸው። ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ፤ አየሩን አስወጡ፤ አፉን በፕላስተር አሽጉ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር 2 ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ከረጢቱን ሳትከፍቱ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቶሎ ከከፈታችሁት ጠል ወረቀቱ ላይ ይሆናል፣ ማዳናችሁም ማርጠብ ይሆናል። መብራት በመካከል ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ሁለቱን ሳምንት እንደገና ቁጠሩ። ፎቶና ብራና ፍሪዘር አይገቡም።

*ምስጥ።* በተለይ ወደ ባቲና ወደ ኮምቦልቻ ቆላማ ወገን። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ግድግዳም አይንካ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳ አንድ እጅ ስፋት ይራቅ። በመደርደሪያው እግር ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጡ መንገድ ሠርቷል፤ ጠርጋችሁ ብቻ አትተዉት፣ ካርቶኑን አውጡና መንገዱን ከሥሩ ፈልጉ።

*ሻጋታ።* ደርቆ ብናኝ የሆነውን ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ከጀርባችሁ ሆኖ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። እርጥብ ሻጋታ አይጠረግም፤ ይቀባል። መጀመሪያ በጥላ ይድረቅ።

*የረጠበ ወረቀት።* ያላችሁ ጊዜ 2 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ ይሻግታል። በየ10 ቅጠሉ ነጭ ወረቀት አስገቡ፣ ሲርስ ቀይሩ፣ ነፋስ እንዲያገኝ አድርጉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለቃል። በኮፒ እርሳስ የተጻፈ የድሮ ደረሰኝ ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ይሆንና ይፈሳል። እሱን ለብቻ ዘርጉት፣ ምንም ነገር አትጫኑበት።

ናፍታሊን፣ የተባይ መርጫ፣ ጭስ፦ ሦስቱም ወረቀቱ ላይ አይሆኑም። ክፍሉን ለማከም ከፈለጋችሁ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አውጡ።

ደረጃ 4፦ ባለሙያዋ በሕይወት ካሉ አብራችሁ ተቀመጡ

ይህን ከዝርዝሩ በፊት አድርጉት። ዝርዝር ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ዝርዝሩን ያፈርሳል።

1. ፈቃድ ጠይቁ። «እትዬ፣ ይህን ወረቀት በቁጥር ልናስቀምጠው ነው፤ ማንም እንዳያየው የሚፈልጉት ካለ ይንገሩን» በሏቸው። የሚሉትን ጻፉ፤ «ይህን አቃጥለው» ቢሉ አትከራከሩ፣ ቢያንስ በዕለቱ አታቃጥሉም፤ በሌላ ቀን እንደገና ጠይቁ።
2. ደንበኛና ጎረቤት በሌለበት ተቀመጡ። ዱቤ ያለበት ሰው አጠገብ ስለ ዱቤ ደብተር አይወራም።
3. አንድ ቡና ላይ አንድ ክምር ብቻ። አቦሉ ሲጀመር ተከፍቶ በረካው ሲወርድ ይዘጋል። ከዚህ ከረዘመ ይደክማቸዋል፣ መልሱም «እንደዚያው ነው» ይሆናል።
4. «የሥራ ዘመንዎን ይንገሩን» አትበሉ። ዕቃውን እጃቸው ላይ አኑራችሁ ጠይቁ፦ ይህን ማን አዘዘው? ስንት ቀን ፈጀ? ቆዳው ከየት መጣ? ክሩ ሰም ነበረው? ቀብድ ስንት ተቀበሉ? ማን ቆረጠው፣ ማን ሰፋው፣ ማን ደጎሰው?
5. ስንዝራቸውንና የጣታቸውን ወርድ በሴንቲ ሜትር ለኩ። ልኩ ላይ «1 ስንዝር ከ2 ጣት» ተብሎ ከተጻፈ የእሳቸው ስንዝር ነው፤ የሌላ ሰው እጅ መጽሐፉን አይመልስም።
6. ምልክቶቻቸውን አስፈቱ። በትእዛዝ ደብተር ጠርዝ ላይ ያለ ክብ፣ ጭረት፣ አንድ ፊደል የራሳቸው አጻጻፍ ነው። ትርጉሙን በሰንጠረዥ አኑሩ።

ድምፅ ከቀረጻችሁ ቀኑንና የክምሩን ቁጥር መጀመሪያ ላይ በቃል ተናገሩ። አለዚያ ከስድስት ወር በኋላ «ይሄ» እያሉ የሚናገሩት ስለምን እንደሆነ አታውቁም።

*ካረፉ፦* ጓደኛቸውን፣ ተለማማጃቸውን፣ ቆዳ ያቀርብ የነበረውን ሰው በተመሳሳይ መንገድ ጠይቁ። የእነሱን ቃል ግን በእሳቸው ስም አትጻፉ፤ «እገሌ እንዳሉት» በሉ።

ደረጃ 5፦ የሠራው ማን እንደሆነ ለዩ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ንግድ ፈቃዱ በባል፣ የቤት ኪራይ ውሉ በወንድም፣ ደረሰኙ በሱቁ ስም ይወጣል። መርፌውን የያዘችው ሴት በወረቀቱ ላይ የለችም። ስሙን ብቻ ተከትሎ የሚያደራጅ ሰው የሠላሳ ዓመት ሥራዋን ለባሏ ያስረክባል።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. አንድ እርግጠኛ የእጅ ጽሕፈት ፈልጉ። ራሳቸው ጽፈው የፈረሙበት ደብዳቤ ወይም የእቁብ ደብተር። ፎቶውን አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት።
2. ከትእዛዝ ደብተሩ ጋር አስተያዩ። ፊደል በፊደል እዩ፦ የ«ጠ» እግሮች፣ የ«ሐ» ቅርጽ፣ ባለሁለት ነጥብ ቃል መለያ መጠቀም አለመጠቀማቸው፣ ቁጥር በግእዝ ወይስ በተለመደው አኃዝ። በአንድ ፊደል መመሳሰል አትወስኑ፤ ቢያንስ 5 ምልክት ይግጠም።
3. መጻፍ የማይችሉ ከነበሩ የጣት አሻራ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ግን «ሠሪ» የሚል መስመር፣ ወይም በልኩ ላይ ያደረጉት ምልክት ፈልጉ።
4. ሥራውን ራሱን ተመልከቱ። የስፌት ቀዳዳ ርቀት፣ የቋጠሮ አኳኋን፣ ክሩ ሲያልቅ የሚቀጥልበት ቦታ ከሰው ሰው ይለያል። በባህላዊው የብራና አጠራረዝ ጥራዞቹ እንደ ሰንሰለት እርስ በርሳቸው ይያያዙና ክሩ በገበታው ቀዳዳ ያልፋል፤ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በጎኑ በወስፌ ከ3 እስከ 5 ቦታ ተበስቶ ይሰፋል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቋጠሮ ካያችሁ አንድ እጅ ሳይሆን አይቀርም ማለት ትችላላችሁ።
5. ጥርጣሬያችሁን ጻፉ። «የእሳቸው»፣ «የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም»፣ «አልታወቀም»፤ ከሦስቱ አንዱ በዝርዝሩ ላይ ይስፈር። ሁሉንም «የእሳቸው» ማለትም ያው ስሕተት ነው፣ በሌላ አቅጣጫ።

ስማቸው በደብተር ላይ «የእገሌ እናት»፣ «እትዬ»፣ «ጠራዧ» ተብሎ ብቻ ሊመጣ ይችላል። በየመልኩ መዝግቡት። የኢትዮጵያ ሴት ስትዳር የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ስለዚህ ፋይሉን በራሳቸው ስም፣ ቀጥሎ በአባት፣ ቀጥሎ በአያት ስም አስቀምጡ። በባል ስም ፋይል አይከፈትም።

ደረጃ 6፦ ዓመት የሌለው ወረቀት ላይ ጊዜ ፈልጉ

ትእዛዝ ደብተር «ረቡዕ፣ 3 ዳዊት» ብሎ ያልፋል፤ ዓመት አይጽፍም። የሚረዱ ነገሮች፦

- ርእሰ ደብዳቤና ማኅተም። «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚል የንጉሡ ዘመን ነው። «ወሎ ክፍለ ሀገር» የደርግ ነው። «ደቡብ ወሎ» ወይም «ሰሜን ወሎ» ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ፤ «ክልል 3» የሽግግሩ ዓመታት። «ቀበሌ» የሚል የከተማ ማኅተም ከ1967 አይቀድምም።
- ስልክ ቁጥር። 033 ብሎ የሚጀምር የደሴ ቁጥር ከ1998 ወዲህ ነው።
- በዓል። «ለግሸን ይድረስ» የሚል ማስታወሻ መስከረም 21ን ይላል፤ ቀኑ በየዓመቱ አንድ ስለሆነ ዓመት አይነግራችሁም። «መውሊድ» ግን ይነግራችኋል። የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ወሩና ቀኑ አብሮ ከተጻፈ በሒጅራ መቁጠሪያ ዓመቱን ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን የሚደጋገመው በ33 ዓመት አካባቢ ስለሆነ ዓመቱን ለመሳት ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት ኪታብ የሚያስጠርዙ ደንበኞች የበዙበት ደብተር ከሁሉ ቀላል ነው።
- የሥራ ሞገድ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ሐምሌ ላይ ከበጀት ዓመቱ ጋር ይበዛል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም። ደብተሩ ውስጥ አንዱ ሞገድ ሁለት ጊዜ ከታየ አንድ ዓመት አልፏል።
- የልባስ ጋዜጣ። በሽፋን ውስጥ የተለጠፈ ጋዜጣ ቀን ካለው ሥራው ከዚያ ቀን *በኋላ* ነው ማለት ብቻ ነው። ጋዜጣው አሥር ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በግምት ያገኛችሁትን ዓመት በማዕዘን ቅንፍ አድርጉ፦ [1986 ገደማ]። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያለ ቅንፍ። ፈረንጅ ቀን ካገኛችሁ እንዳለ ገልብጡ፣ አጠገቡ «እ.ኤ.አ.» በሉ፤ በጭንቅላታችሁ ቀንሳችሁ አትጻፉ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነውና ይሳሳታል።

ደረጃ 7፦ ቁጥርና ዝርዝር

በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ፣ በታችኛው ጥግ፣ በእርሳስ፣ በትንሹ ጻፉ፦ ክ3/17 (ክምር 3፣ አሥራ ሰባተኛ)። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ እንጂ ክምሩ ላይ እያለ አትጻፉ፤ የእርሳሱ ጫና ከሥሩ ያለውን ያሰርጋል። ፎቶ ላይ አትጻፉ፤ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ ጻፉ፣ ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት። ደብተር ከሆነ ሽፋኑ ላይ አንድ ቁጥር ይበቃዋል፤ ቅጠሉን ግን ቁጠሩ።

የዝርዝሩ ዓምዶች ስድስት ናቸው፦ ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ ቀን፣ በማን እጅ፣ የቅጠል ብዛት፣ ሁኔታ። ከዚህ በላይ ዓምድ ያበጀ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰለቻል።

*ፊደልን በተመለከተ።* ደብተሩ ላይ «ሀይሉ»፣ «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» ሊኖር ይችላል። በዝርዝሩ እንደተጻፈው ገልብጡ። ለመፈለጊያ ማውጫ ግን አንድ አጻጻፍ ምረጡና ከሀ/ሐ/ኀ፣ ከሰ/ሠ፣ ከአ/ዐ፣ ከጸ/ፀ የትኛውን እንደወሰዳችሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። ይህን ያልወሰነ ማውጫ አንድ ደንበኛን ሦስት ሰው ያደርጋል። «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ»፣ «ሙሀመድ»ም እንደዚሁ።

*በመካከል ቁጥር ዘልላችሁ ከሆነ፦* ከመጀመሪያ አትቁጠሩ። በዝርዝሩ ላይ «ክ3/22 የለም» ብላችሁ እለፉ። ሳይቆጠር የተገኘ ወረቀት ክ3/17ሀ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ብረት አውጡ፣ መጠቅለያ ሥሩ

*የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ።* የዛገውን አትጎትቱ። ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ አስገቡ፣ የሽቦውን ሁለት ጫፍ ከጀርባ በቢላ ጫፍ አቅኑ፣ ከፊት ቀስ ብላችሁ አንሱ። አብረው የነበሩትን ወረቀቶች በታጠፈ ነጭ ኤ4 ውስጥ አኑሯቸው እንጂ በሌላ አግራፍ አትያዟቸው። የስፌት ክር ግን አይወጣም፤ ሥራው እሱ ነው።

*የማሽን ደረሰኝ።* ይደበዝዛል፤ ምንም ብታደርጉ ይደበዝዛል። ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

*መጠቅለያ።* ለካርኒና ለትንሽ ደብተር ባለ አራት ክንፍ መጠቅለያ ከወፍራም ወረቀት ይሠራል። ምሳሌ፦ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ካርኒ፦

1. ወረቀቱን ሁለት አቅጣጫ በቀስታ አጥፉት፤ በቀላሉ የሚታጠፍበት የቃጫው አቅጣጫ ነው። ቃጫው ከካርኒው ርዝመት ጋር ይሂድ።
2. መካከሉ ላይ 10.2 በ15.2 ሴንቲ ሜትር ሥሩ።
3. ላይና ታች 1.1 ሴንቲ ሜትር የጎን ግድግዳ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ክንፍ። ቀድመው የሚታጠፉት እነዚህ ናቸው።
4. ግራና ቀኝ 1.2 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ፣ ከዚያ 9.8 ሴንቲ ሜትር ክንፍ። የውጪዎቹ ክንፎች የውስጦቹን ስለሚለብሱ 1 ሚሊ ሜትር ጨምረናል፤ ይህ ካልተጨመረ መጠቅለያው አይገጥምም፣ ካርኒውንም ያጎብጠዋል።
5. መታጠፊያውን በማጠፊያ አጥንት ወይም በማንኪያ ጀርባ አስርጉ፤ በካተር አትጫሩት።
6. በጥጥ ክር እሰሩ። ማጣበቂያ አያስፈልግም።

*የተቀደደ ወረቀት።* ፕላስተር (ስኮች) ፈጽሞ አይነካውም፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ ተመልሶ አይወጣም። ነጭ ኮላም ሲደርቅ አይለቅም። ግድ ከሆነ፦ ፉርኖ ዱቄት 1 ልክ፣ ውሃ 5 ልክ፤ እብጠት እንዳይኖረው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ በለስላሳ እሳት 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ እንደ አጥሚት ሲሆን አውርዱና በወንፊት አሳልፉ። ጨው አይገባበትም። ከ3 ቀን በላይ አይቆይም፤ ከሸተተ ጣሉት። ስትሠሩበት በውሃ አቅጥኑት። መጀመሪያ ግን በወረቀቱ ጥግ ያለ አንድ ፊደል ላይ እርጥብ ጥጥ አስነኩ፤ ጥጡ ቀለም ካነሳ ጥገናውን ተዉት። ካላነሳ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ወረቀት *በእጅ ቅደዱ* (በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ያሳያል፣ ይሰብራልም)፣ ቀቡት፣ ስንጥቁ ላይ አኑሩት፣ ከላይና ከታች ስስ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ከመጽሐፍ ክብደት በታች አንድ ቀን አቆዩት። ስስና ጠንካራ ወረቀት ካላገኛችሁ መጠቅለሉ ብቻ ይበቃል።

*የቆዳ ናሙና።* ከወረቀት ለዩት፤ ዘይቱና ቀለሙ ይዛመታል። ቁጥሩን እንዳታጡ በተለየ ፖስታ፣ ያው ቁጥር ይዞ ይቀመጥ፤ ወረቀቱ ባለበት ቦታ ደግሞ «ክ3/9 ቆዳ፣ ፖስታ 4» የሚል ቁራጭ ተኩ።

ደረጃ 9፦ በስልክ ማንሳት

በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በሌለበት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ጥላችሁ እንዳያርፍበት በመስኮቱና በወረቀቱ መካከል አትቁሙ፣ በጎን ቁሙ። ማስመሪያ አጠገቡ ይተኛ። የእያንዳንዱን ወረቀት ፊትና ጀርባ አንሱ፤ ጀርባው ባዶ ከሆነም አንድ ጊዜ «ባዶ» ብላችሁ በዝርዝሩ ላይ ጻፉ። ልክ ከሆነ በሁለቱ ጎኖች ማስመሪያ አኑሩ፣ በኋላ በልኩ መጠን ማተም እንዲቻል።

የፋይሉ ስም ቁጥሩ ራሱ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ሦስት ቦታ አኑሩ፦ አንዱ ፍላሽ ከወረቀቱ ጋር፣ አንዱ ሌላ ቤት፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋር።

የሌሎች ሰዎች ስም ያለበት ዱቤ ደብተር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ማስጠረዣ፣ የትምህርት ማስረጃ፦ አንሱት፣ ግን አትለጥፉት። ባለ ዕዳው ወይም ልጁ ከተማው ውስጥ አለ።

ደረጃ 10፦ የሰው ዕቃ መመለስና ርክክብ

*ሳይወሰድ የቀረ መጽሐፍ* በየመጠረዣ ቤቱ አለ። ዳዊት፣ ቁርኣን፣ የመንዙማ ደብተር፣ የዕድር መዝገብ። በትእዛዝ ደብተሩ ቁጥር ባለቤቱን ፈልጉ፤ ቀሪ ክፍያ ካለም ጻፉ። ባለቤቱ ካልተገኘ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱን ኢማም ምስክር አድርጋችሁ አስረክቡ። የብራና መጽሐፍ አይሸጥም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከተዋል፣ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

*የግብር ወረቀት* ከመጣሉ በፊት ገቢዎችን ጠይቁ። ንግድ ፈቃዱ ካልተመለሰ ዕዳው በወራሽ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናውን ፈቃድና የግብር ደረሰኞቹን ቅጂ ካነሳችሁ በኋላ ለብቻ ያዙ።

*ለሙዚየም ወይም ለዩኒቨርሲቲ* ለመስጠት ካሰባችሁ (ደሴ ሙዚየምም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በቅርብ አሉ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ) ካርቶን ተሸክማችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ። የርክክቡ ወረቀት ላይ እነዚህ ይጻፉ፦

- ስጦታ ነው ወይስ አደራ? አደራ ከሆነ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ።
- የተዘጉት ክምሮች የትኞቹ ናቸው፣ እስከ መቼ።
- የባለሙያዋ ሙሉ ስም ከሙያቸው ጋር፣ የሱቁ ወይም የባል ስም ብቻ ሳይሆን።
- የክምር ቁጥር ቅደም ተከተል እንደማይፈርስ።
- ቅጂ ለቤተሰቡ እንደሚቀር።

በሁለት ቅጂ፣ ከሁለት ምስክር ጋር ይፈረም። አንድ ዝርዝር እያንዳንዱ ካርቶን ክዳን ውስጥ ይለጠፍ፤ በኮላ ሳይሆን በዱቄት ማጣበቂያው፣ እሱም በጥግ ጥጉ ብቻ። ካርቶኖቹ ቤት የሚቀሩ ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልግ ሲያልቅና ክረምቱ ሲወጣ፣ ክፈቷቸው፤ ከሥር ያለውን ካርቶን መጀመሪያ፣ እርጥበቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።